ጥቁር የለበሱ ነጭ ለባሾች

ስለ አንድ የጃፓን የእጅ ስልክ ጨዋታ ልጽፍ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ አገር እንዲህ ሆና ጨዋታ ይታይሃል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይታገሠኝ። ጨዋታው ስለ ነጭ ለባሽ ነው፤ ነጭ ለባሽን ደግሞ ከእኛ በላይ አውቃለሁ የሚል ሕዝብ ካለ ይምጣና ይንገረን። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ 1997 መመለስ ግድ ይላል። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ 31 ቀን፣ ያኔ «ስኩዌር» ይባል የነበረው የጃፓን ኩባንያ «ፋይናል ፋንታሲ 7» የተሰኘውን ጨዋታ ለፕሌይስቴሽን አወጣ። በሦስት ዲስክ የተሞላ የሳይንስ ልብ ወለድ ማለት ነው፤ አንባቢው ራሱ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ገብቶ የሚዋጋበት። ታሪኩ የሚጀምረው ሚድጋር በምትባል ከተማ ነው። ከተማዋ ፎቅና ምድር ናት። ባለጸጋው በምሰሶ ላይ በተዘረጋው ብረት ላይ ይኖራል፤ ድኻው ከብረቱ ሥር፣ ፀሐይ በማያይበት። ከተማዋን የሚገዛት መንግሥት አይደለም፤ ሺንራ የሚባል የመብራት ኃይል ኩባንያ ነው። ከንቲባ አለ፣ ለስሙ። ጦሩም፣ ቤተ ሙከራውም፣ ዜና ማሠራጫውም የኩባንያው ነው። ይህ ኩባንያ የምድሪቱን ሕይወት «ማኮ» እያለ ከከርሷ እየመጠጠ መብራት ያደርገዋል። «አቫላንች» የሚባሉ አማፅያን (በእኛ «ናዳ» ብንላቸው ይስማማቸዋል) የኃይል ማመንጫውን በቦምብ ሲያፈርሱ ጨዋታው ይከፈታል።

ኩባንያው ታዲያ ለቆሻሻ ሥራው የሚያሰማራቸው ጥቂት ሰዎች አሉት። ጥቁር ሙሉ ልብስ ይለብሳሉ። «ታርክስ» ይባላሉ፤ ቱርኮች እንደ ማለት ነው፣ ከኦቶማኖቹ ጋር ግን ዝምድና የላቸውም። ይፋ የሆነው የመሥሪያ ቤታቸው ስም በጃፓንኛው «የጠቅላላ አገልግሎት መምሪያ፣ የምርመራ ክፍል» ነው። ይህን ስም ያወጣው ደራሲ ቢሮክራሲን የሚያውቅ ሰው ነው። ማፈን፣ መሰለል፣ መግደል፤ በደብዳቤው ራስጌ ላይ ግን ጠቅላላ አገልግሎት! በ1997ቱ ጨዋታ እነዚህ ሰዎች ጥቂት አማፅያንን ለመደምሰስ ሲባል የሰባተኛውን ክፍለ ከተማ ጣራ ከነምሰሶው በድኾቹ ላይ ይንዱታል። ወዲያውም ኩባንያው «አማፅያኑ ናቸው የናዱት» ብሎ ዜና ያሠራጫል። የሚቀጥለውን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ሴፕቴምበር 24 ቀን 2004፣ ስሙን «ስኩዌር ኤኒክስ» ያሰኘው ያው ኩባንያ «ቢፎር ክራይሲስ»፣ ማለትም «ከቀውሱ በፊት» የተባለ ጨዋታ አወጣ። የ1997ቱ ታሪክ ከመጀመሩ 6 ዓመት ቀደም ብሎ የሆነውን የሚተርክ ነው። ሥራውን የመራው ሐጂሜ ታባታ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱን የሣለው ቴትሱያ ኖሙራ። የወጣው ግን ለፕሌይስቴሽን አልነበረም፤ ኤን ቲ ቲ ዶኮሞ ለሚሸጣቸው «ፎማ 900አይ» ለሚባሉት ተጣጣፊ ስልኮች ነው። ወር ወር እየተከፈለ፣ ምዕራፉ በየጊዜው በስልክ መሥመር እየወረደ፣ 24 ምዕራፍና አንድ ልዩ ምዕራፍ ሆኖ በ2007 አለቀ። ተጫዋቹ የሚሆነው ደግሞ አማፂውን አይደለም። ጥቁር ለባሹን ነው።

እኔ ያን ጊዜ ቶኪዮ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበርኩ። አዲስ አበባ በአንድ የግል ሳምንታዊ ጋዜጣ ሦስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ሄድኩ። ቀን እማራለሁ፣ ማታ ምሳ ዕቃ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ሩዝ እጭናለሁ። ጃፓን ባቡር ውስጥ በስልክ ማውራት ነውር ነው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በአውራ ጣቱ ቁጥሮቹን ይጫናል። እኔም ደፋሁ። ማያው ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ፣ ምስሉ ግን ሕያው። ካንጂ ፊደል የተማርኩት ግማሹን ከመምህሬ፣ ግማሹን ከዚህ ጨዋታ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። «ማሳደድ»፣ «ታጋች»፣ «ምስጢራዊ ትእዛዝ» የሚሉትን ቃላት ከ«ዳቦ» እና ከ«ቅቤ» አስቀድሜ አወቅኋቸው።

በጃፓን አይ-ሞድ የሚባለው የስልክ ኢንተርኔት ሥራ የጀመረው በ1999 ነው። አዲስ አበባም ሞባይል የገባው በዚያው ዓመት ነው፤ እኩል ተነሣን ማለት ይቻላል። በ2005 ግን፣ ከምርጫው ቀውስ ወዲህ፣ አገር ቤት በሞባይል አጭር መልእክት መላክ ተዘጋ። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ዝግ ሆኖ በሴፕቴምበር 2007 ተከፈተ። ልብ በሉ፣ እኔ ቶኪዮ ባቡር ላይ ቆሜ ሙሉ ልብ ወለድ በስልክ እያወረድኩ፣ እናቴ ስልክ ላይ «ደኅና ነኝ» የምትል አንዲት መሥመር መላክ አልችልም ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የተቃዋሚ መሪዎችና ብዙ ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ ጋዜጦች ተዘጉ፤ የእኔም አብሮ ሄደ። «እመለሳለሁ» ብዬ ጓደኛዬ ቤት ያስቀመጥኳት ሻንጣ አሁንም እዚያው ናት።

ጨዋታው አንድ እጅግ የሚያምር ብልሃት ነበረው። በዚያ ዓለም አስማት የሚሠራው «ማቴሪያ» በሚባል ባለቀለም እንክብል ድንጋይ ነው። «ቢፎር ክራይሲስ» ውስጥ ማቴሪያ የሚገኘው በስልኩ ካሜራ ፎቶ በማንሳት ነው፤ ጨዋታው በፎቶው ላይ የበዛውን ቀለም ይመለከትና እንደ ቀለሙ ድንጋይ ይሰጣል። ስለዚህ ከተማውን በቀለም መፈለግ ጀመርኩ። አረንጓዴ ሲያስፈልገኝ ጎመን፣ ቀይ ሲያስፈልገኝ የቤተ መቅደስ በር፣ ሰማያዊ ሲያስፈልገኝ የባቡሩ ወንበር። የሱቅ አስተናጋጆች «ይህ ጥቁር እንግዳ ቲማቲም ፎቶ የሚያነሣው ምን ነክቶት ነው?» ሳይሉኝ አልቀሩም። ሌላም ነበረው፤ ተጫዋቹ ተሸንፎ ሲማረክ፣ የትም ያለ ሌላ ተጫዋች በመሥመሩ ገብቶ ያስፈታዋል። ስሙን የማላውቀው ሰው ከኦሳካ ይሁን ከሳፖሮ መጥቶ ሰንሰለቴን ፈትቶ ይሄዳል። ወዲያው ለማመስገን እንኳ ጊዜ የለም። ስለዚህ ነገር ብዙ ማለት እችል ነበር፤ ግን ያ ሁሉ ውበት የሚያገለግለው ማንን ነው? ጥቁር ለባሹን።

ስም የላቸውም። ተጫዋቹ የፈለገውን ስም ይሰጣቸው እንጂ ጨዋታው የሚያውቃቸው በያዙት መሣሪያ ነው፦ ባለ ሽጉጧ፣ ባለ ዱላው፣ ባለ ሁለት ሽጉጡ፣ ባለ ሰይፉ። የእኔዋ ባለ ሽጉጧ ነበረች።

ቶኪዮ ውስጥ ካትሱሺካ የሚባል፣ ትንንሽ ፋብሪካዎች የበዙበት ሠፈር አለ። ያገሬ ሰዎች ተሰባስበው የሚኖሩት እዚያ ነው። እሑድ እሑድ ወደዚያ እሄዳለሁ። ከሁሉ የሚበልጡን አንድ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን፣ ስማቸውን አልጠራም። በደርግ ዘመን ታስረው የተፈቱ፣ በ90ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ገብተው ብረት በሚቆርጥ ፋብሪካ የሚሠሩ። አንድ እሑድ ስልኬን ከእጄ ተቀብለው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት።

«ይቺ ጥቁር የለበሰችው ማን ናት?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ሥራዋ ምንድን ነው?»

«የኩባንያው ሰው ናት። አማፅያንን ታሳድዳለች።»

ስልኩን መለሱልኝ። «አንተ ጋዜጠኛ አይደለህም እንዴ?»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔንም የወሰደኝ ልጅ ‹ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ› ነበር ያለኝ። ስድስት ዓመት ሆነች፣ አምስት ደቂቃዋ።» ብለው ሻያቸውን ጠጡ።

ይጠሉታል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ እሑድ ጀምሮ ባየሁዋቸው ቁጥር የታሪኩን ቀጣይ መጠየቅ ያዙ። «ሰዎችህ ምን ደረሱ?» ይሉኛል። ወር ወር የሚወርደውን ምዕራፍ እየተረጎምኩ እነግራቸዋለሁ፤ ተራኪ ሆንኩላቸው ማለት ነው። ታሪኩ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ እንዲህ በቀላሉ የሚረሳ አልነበረም። የጥቁር ለባሾቹ አለቃ ቬርዶት የሚባል ሰው ነው። ድሮ እሱ በመራው ዘመቻ በትእዛዝ ስሕተት የገዛ የትውልድ ከተማው ካልም ትቃጠላለች፤ ሚስቱና ልጁም አብረው እንደሞቱ ያምናል። ከዓመታት በኋላ ሌት ተቀን የሚያሳድዳት የአማፅያኑ መሪ ኤልፌ ማን ሆና ብትገኝ ጥሩ ነው? ያቺው ሞታለች ያላት ልጁ። አማፅያኑን በስውር በገንዘብ የሚደጉመው ደግሞ የኩባንያው ፕሬዚዳንት የገዛ ልጅ ነው፤ አባቱን ጥሎ ወንበሩን ሊወርስ። ሲደረስበት በቁም እስር ይቀመጣል። በአማፅያኑም መካከል ፉሂቶ የሚባል ምሁር አለ፤ ምድርን ለማዳን የሰው ዘር ይጥፋ የሚል። አብዮትን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈራ የሚያውቅ ደራሲ ነው የጻፈው።

የአባትና የልጁን ነገር የነገርኳቸው ዕለት ጋሼ ዝም አሉ። ቆየት ብለው፣ «የመረመረኝ ሰው ሴት ልጅ ነበረችው። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ደብተሯን ይዛ ግቢው ድረስ ትመጣለች። በመስኮት እናያት ነበር። ጎበዝ ተማሪ ትመስል ነበር፤» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ከታሪኩ በፊት ያለን ታሪክ መተረክ አንድ ጣጣ አለው፤ ፍጻሜው አስቀድሞ ይታወቃል። ቢፎር ክራይሲስን የያዘ ሰው ሁሉ 1997 ላይ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ቀይ ጠጉሩ ሬኖ በስልኬ ላይ ሲቀልድ፣ ባልደረባውን ከሞት ሲያስጥል፣ ያ እጅ ከስድስት ዓመት በኋላ የሰባተኛውን ክፍለ ከተማ ጣራ የሚንደው እጅ መሆኑን አልረሳም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የ1960ዎቹን ፎቶግራፍ ስናይ የሚሰማን ነገር ነው። ያ ሁሉ የሚስቅ ወጣት! ማን ማንን እንደሚገድል እኛ እናውቃለን፣ እነሱ አያውቁም። ጨዋታው ይህን ስሜት እያወቀ የተጠቀመበት ይመስለኛል። ቢሆንም ደስ የማይለኝ ነገር አለ። ደራሲዎቹ ጥቁር ለባሾቹን እጅግ ወደዷቸው። ጓደኝነታቸው፣ ለአለቃቸው ያላቸው ታማኝነት፣ እንባቸው ሁሉ በዝርዝር አለ። ከብረቱ ሥር የሚኖረው ድኻ ግን እንደ ግድግዳ ሥዕል ከኋላ ቆሞ ቀርቷል። ነጭ ለባሽም ሰው ነው መባሉ እውነት ነው፤ ያፈነውም ሰው ሰው መሆኑ ግን በእኩል ቀለም ይጻፍ።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ኩባንያው በገዛ ጥቁር ለባሾቹ ላይ ይዞርና ይደምሰሱ ይላል። ጼንግ የሚባለው ባልደረባቸው አለቃውንና ልጁን የገደለ መስሎ ያስመልጣቸዋል። ሌሎቹም ሞቱ ተብለው ይበተናሉ። የት እንደገቡ አይታወቅም።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ከልባቸው ሳቁ። «እንግዲያው ወደ እኛ መጥተዋላ!» አሉ። ሳቃቸው ሲያበቃ ግን ሌላ ነገር ጠየቁኝ። «መዝገቡስ? የሠሩት ሥራ የተጻፈበት የት ደረሰ?»

«እሱ አልተነገረም፣ ጋሼ።»

«አየህ፣ እነሱ ስማቸው ሲጠፋ ይገላገላሉ። እኔ ግን እገሌ ይዞኝ፣ እገሌ መርምሮኝ፣ እዚህ ቦታ ስድስት ዓመት ተቀምጬ የሚል ወረቀት ከሌለ፣ መቼ ነው የታሰርኩት?»

ይህን ጥያቄ ከጃፓን ይዤው አሜሪካ ገባሁ። የዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪ የሆነ አንባቢ የምለውን ያውቀዋል። ያሰረና የታሰረ ባንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢ ቆሞ ያስቀድሳል፤ ባንድ የመኪና ማቆሚያ በፈረቃ ይሠራል። አንድ ማታ እንዲህ ባለ ቦታ ከእኔ ፈረቃውን የሚቀበል ሰው አገር ቤት «ደኅንነት» እንደነበር ከሌላ ሰው ሰማሁ። እሱ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ብርድ ልብሱን አጣጥፎ በክብር የሚሰጠኝ፣ ቡና ይዞልኝ የሚመጣ ትሑት ሰው ነበር። ሁለት ክረምት አብረን ሠራን። ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ያማክረኝ ነበር። ባለ ሽጉጧ ትዝ ትለኛለች፤ ተበትና የት ሄደች ለሚለው እንዲህ ያለ ቦታ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ከትኬት መስጫው ሣጥን አጠገብ ትሆናለች እላለሁ። ጨዋታው ማሰብ ያልፈለገው ምዕራፍ ይህ ነው፤ ልዩ ምዕራፉን እዚህ ላይ ቢጽፉት ይሻል ነበር።

ጨዋታው ራሱ ምን እንደ ደረሰ ልንገራችሁ። ወደ አሜሪካ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ አልመጣም። በጃፓን ለሌሎች የስልክ ኩባንያዎችም ወጥቶ ነበር፤ ከዚያ ዘመናዊ ስልክ መጣና ተጣጣፊው ስልክ ተረሳ። ማርች 31 ቀን 2018 አገልግሎቱ ተዘጋ። ታሪኩ በየምዕራፉ ከኩባንያው ኮምፒዩተር የሚቀዳ ስለነበር፣ ምንጩ ሲዘጋ ስልኩ ላይ የቀረው ባዶ ቅርፊት ነው። የ1997ቱን ጨዋታ ዲስክ ዛሬም ገዝቶ መጫወት ይቻላል። እንዲያውም ከ2020 ጀምሮ በታላቅ ድምቀት እንደገና እየተሠራ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል በፌብሩዋሪ 2024 ወጣ። በ2007 ለእጅ መጫወቻ የወጣው ሌላው ቀዳሚ ታሪክም በ2022 ታድሶ ተሸጧል። የስልኩ ግን እንደ ወጣ አልተመለሰም። ስለ እሱ የሚታወቀው፣ ጃፓናውያን ተጫዋቾች ሌላ ካሜራ በስልካቸው ፊት ደቅነው የቀረጹት፣ ንግግሩን መሥመር በመሥመር በእጃቸው የገለበጡት፣ ሌሎችም ያለ ክፍያ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ነው። ዶኮሞም የፎማንና የአይ-ሞድን መጨረሻ ማርች 31 ቀን 2026 ብሎ በ2019 ቆረጠ።

የእኛ ጋዜጣስ? ወረቀት ቢያንስ ሲያረጅ ሱቅ ይገባል፤ ባለ ሱቁ ስኳርና በርበሬ ይጠቀልልበታል። በ2009 አንዲት ዘመዴ የላከችልኝ በርበሬ በእኛ ጋዜጣ ገጽ 5 ተጠቅልሎ መጣ፤ የእኔ ጽሑፍ ያለበት ገጽ ነው። ርእሱ አለ፣ ግማሹ አምድ አለ፣ ስሜ የነበረበት ጥግ ተቀዷል። በጋዜጣው ቤት የነበረው ጥራዝ የት እንደ ገባ የነገረኝ የለም። በእጄ ያሉት ሦስት እትሞችና ያቺ የበርበሬ ገጽ ናቸው። እትም ያላችሁ አንባቢያን፣ ከየትኛውም የግል ጋዜጣ ይሁን፣ ሳጥን ውስጥ አትተዉት፤ ፎቶ አንሱት፣ ለሁለት ለሦስት ሰው አካፍሉት።

ጋሼ በ2016 እዚያው ቶኪዮ ዐረፉ። የተጣጣፊውን ስልክ የማስታወሻ ካርድ ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ከፈተልኝ። ለማቴሪያ የሚሆን ቀለም ስፈልግ አስቀድሜ ለሙከራ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ አሉ፤ ሁለት መቶ ያህል። በዚያ ዘመን ሌላ ፎቶ አላነሣም ነበር። ጎመን። የባቡር ወንበር። ቲማቲም፣ ቲማቲም፣ ቲማቲም። ካትሱሺካ ውስጥ የቀረበ ቀይ ወጥ፣ ማያውን ሞልቶ። አንድ አረንጓዴ ሹራብ፣ ከአንገት በታች፣ በጣም ተጠግቼ ያነሳሁት፤ ከታች በኩል ሻይ የያዘ እጅ ይታያል። ቀለሙ ደኅና ነበር መሰለኝ፣ ጥሩ ድንጋይ ሰጥቶኛል።